ኮሶው ለእሱ መጣ፤ ጣጣው ግን ለእሷ ሊሆን ነበር!

ነገሩ የተጀመረው በጥርጣሬ ነው። ልጅቷ ሃያ አምስት ዓመቷ ነው፤ በአንድ የግል መሥሪያ ቤት የሒሳብ ሠራተኛ ናት። ልጁ በሦስት ዓመት ይበልጣታል። ተወልዶ ያደገው ደቡብ ጎንደር፣ ላይ ጋይንት፣ ከነፋስ መውጫ ከተማ ብዙም በማይርቅ የደጋ መንደር ነው። አዲስ አበባ ከገባ ስድስት ዓመቱ ሆኗል። ተዋደዱ፣ ቤት ተከራዩ፣ አብረው መኖር ጀመሩ። ሽማግሌ የሚላክበት ቀን ሳይቀር ተቆርጧል።

ታዲያ በዚህ መሃል ልጁ ይለወጥባታል። ቁጭ ብለው ፊልም እያዩ ድንገት ብድግ ብሎ መታጠቢያ ቤት ይገባና ይቆልፋል። ሌሊት ድምፁን አጥፍቶ ከአልጋ ይወርዳል። ‹‹ምን ሆነሃል?›› ስትለው መልሱ ‹‹ምንም›› ነው። ሲብስበት ጭራሽ ሶፋ ላይ መተኛት ጀመረ። እናንተ ብትሆኑ ምን ታስቡ ነበር? እሷም ያሰበችው ያንኑ ነው። ስልኩን በረበረች፤ ምንም የለም። ጓደኞቿን አማከረች፤ ‹‹ሌላ ይዞብሽ ነው፤ ሳይቀድምሽ ቅደሚው!›› አሏት። (መቼም እንዲህ ያለ ምክር ለመለገስ ጓደኛ ጠፍቶ አያውቅም።)

አንድ ቅዳሜ ጠዋት አንሶላ ልትቀይር ብድግ ስታደርገው ጠፍጣፋ፣ ነጭ፣ የጥፍር ስፋት ያላት ቁራጭ ነገር አየች። የተቆረጠ ማካሮኒ ይመስላል። ጠጋ ብላ ስታይ… ይንቀሳቀሳል! ጩኸቷን ሰምቶ የመጣው ልጅ ፊቱ እንደ በርበሬ ቀላ። ሁለት ወር ሙሉ የደበቀው ምስጢር ይኸው ነበር። ኮሶ ታይቶበታል!

‹‹ስንት ሌሊት ያለቀስኩት በሌላ ሴት ጠርጥሬው ነው፤ ለካ ተቀናቃኜ ትል ኖሯል!›› ብላ ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። ሳቋ ግን ወዲያው ቆመ። ዋናው ታሪክ ከዚያ በኋላ ያለው ነውና።

ልጁ ክሊኒክ መሄድ አፈረ። ‹‹ሰገራ አምጣ ሊሉኝ ነው›› አለና እናቱ ዘንድ ጋይንት ደወለ። እናት ምን ገዷቸው! በሳምንቱ ከአገር በመጣ ሰው እጅ፣ ከጉና ተራራ ሥር የተለቀመ፣ በጨርቅ የተቋጠረ የኮሶ አበባ ላኩለት። ቋጠሮው ሲፈታ ሁለት ጥቅል ነው። ልጅቷም አየችና ‹‹አንዱን እኔ እጠጣዋለሁ›› አለች። ምክንያቷ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ቁርጡን አብራው ስትበላ ነው የከረመችው። ሁለተኛው ደግሞ የከተማው ወሬ ነው፤ ‹‹ኮሶ ሆድ ያጠፋል፣ ደም ያጠራል፣ የተፈጥሮ ነገር ስለሆነ ጉዳት የለውም›› ሲባል ሰምታለች። ለሠርጓ ቀጠን ብላ መታየት ፈልጋለች።

ሁለቱም ማታ እራት ሳይበሉ አደሩ። ጠዋት ኮሶው ተወቀጠ፣ ተበጠበጠ፣ በሁለት ብርጭቆ ተቀዳ። እዚህ ላይ ልጆቹን ብርጭቆ እንደያዙ እናቆያቸውና ስለሚጠጡት ነገር እንጫወት።

ትሉም ኮሶ፣ ዛፉም ኮሶ

አማርኛችን በዚህ ነገር ቆጣቢ ነው፤ በሽታውንም መድኃኒቱንም በአንድ ስም ይጠራል። ትሉን ሳይንስ ‹‹ቴኒያ ሳጂናታ›› ይለዋል። የሚገባው በበሬ ሥጋ ነው። ሰው ሜዳ ላይ ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ሣር ላይ ይቀራል፤ ከብቱ ሣሩን ሲግጥ እንቁላሉን ይውጣል፤ እንቁላሉ ተፈልፍሎ ሥጋው ውስጥ ውሃ የቋጠረች ነጭ ፍሬ ሆኖ ይቀመጣል። ያንን ሥጋ በጥሬው ወይም ለብ ለብ አድርጎ የበላ ሰው አንጀት ውስጥ ትሉ በአራት መምጠጫዎቹ ይጣበቅና ማደግ ይጀምራል። ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ጎልማሳ ነው። ርዝመቱ ብዙ ሜትር የሚደርስ ሲሆን፣ ከ1,000 እስከ 2,000 የሚደርሱ ቁርጥራጮች እንደ መቁጠሪያ የተቀጣጠሉበት ነው። ከጫፉ የሚበጠሰው ቁራጭ በገዛ ራሱ እየተላወሰ ይወጣል፤ ልጁን ሌሊት ሌሊት የሚያስነሳው ይኼ ነበር። አንዱ ቁራጭ ብቻ እስከ 100,000 እንቁላል ሊይዝ ይችላል።

‹‹እኔ በሚጥሚጣ ነው የምበላው፣ ላዩ ላይ አረቄ እደግምበታለሁ›› የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ትሉ በአዋዜና በአረቄ አይሞትም። የሚሞተው ሥጋው ውስጡ ድረስ በደንብ ሲበስል፣ ወይም ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሆነ ቅዝቃዜ ቢያንስ 10 ቀን ሲቆይ ነው።

ዛፉ ደግሞ የደጋ ነው። የሳይንስ ስሙ ሃገኒያ አቢሲኒካ ሲሆን፣ ጉናን በመሰሉ ከፍ ያሉ ተራሮች ላይ ይበቅላል። ጉና ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው፣ በፋርጣ፣ በላይ ጋይንትና በእስቴ መሃል የተቀመጠ ተራራ ነው። ወደ ስማዳ ወርዳችሁ የአባይና የበሽሎ ቆላ ስትደርሱ ኮሶ የሚባል ዛፍ አታዩም፤ የቆላ ሰው ኮሶ ካሻው ከደጋ መምጣት አለበት። ዛፉ ወንድና ሴት አለው። ለመድኃኒት የሚፈለገው ቀላ ያለው፣ እንደ ወይን ዘለላ የሚንጠለጠለው የሴቴዋ አበባ ነው። እንጨቱም ለዕቃ ስለሚፈለግ ዛፉ እየተመናመነ በመሄዱ፣ በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ከጥድ፣ ከዝግባና ከዋንዛ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከልክሎት ነበር።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ኮሶን የሚጠጡት እንደ ዛሬ በድብቅ አልነበረም። በፈረንጆቹ 1770 ጎንደር የገባው ስኮትላንዳዊ ጀምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ ወንዱም ሴቱም በየወሩ ኮሶ እንደሚጠጣና መንገደኛም ኮሶ ሳይዝ እንደማይወጣ ጽፏል፤ ዛፉንም ሥሎ አሳይቷል። የኮሶ ቀን የእረፍት ቀን ነበር። እንግዳ ቢመጣ ‹‹ኮሶ ጠጥተዋል›› ከተባለ ይመለሳል፤ ማንም አይቀየምም። ዛሬ ለአለቃችሁ ‹‹ኮሶ ጠጥቼ ነው የቀረሁት›› ብትሉ ምን እንደሚላችሁ እናንተው ገምቱ።

ስድብም ሆኖ አገልግሏል። ታሪክ ጸሐፊዎች ደጋግመው የሚያነሱት የደጃዝማች ወንድይራድ ነገር አለ። በፈረንጆቹ 1840ዎቹ፣ የኋላው አፄ ቴዎድሮስ ገና ካሣ ኃይሉ በነበሩበት ጊዜ፣ የእቴጌ መነን የጦር መሪ የነበሩት ደጃዝማች ‹‹የኮሶ ሻጭ ልጅ›› እያሉ ካሣን አንኳሰው ዘመቱ። እናታቸው በችግር ጊዜ ኮሶ ሸጠዋል ለማለት ነው። ጦርነቱን ካሣ አሸነፉ። ከዚያ የተማረኩትን ደጃዝማች አስቀርበው ኮሶ አጠጧቸው ይባላል። ጠጥታችሁ የምታውቁ ቅጣቱ ቀላል እንዳልነበር ትረዳላችሁ።

መራራው ነገር ምንድን ነው?

አሁን ወደ ሳይንሱ። አትሽሹ፤ አጭር ነው።

ዕፀዋት መሮጥ አይችሉም። ስለዚህ ከሚበላቸው ነፍሳትና ከሻጋታ የሚከላከሉት በኬሚካል ነው። ከእነዚህ ኬሚካሎች አንዱ ትልቅ ቤተሰብ ፌኖሊክ ይባላል። ስድስት የካርቦን አተሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው እንደ እስክስታ ክብ ይሠራሉ፤ በክቡ ላይ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ይንጠለጠላል። ቡና ውስጥ አለ፣ ሻይ ውስጥ አለ፣ ቀይ ማሽላ ውስጥ አለ። አፍ ጥምድ የሚያደርገው የሻይ ጣዕም የእነሱ ሥራ ነው። ስለዚህ ፌኖሊክ ሁሉ መርዝ አይደለም፤ ብዙዎቹን በየቀኑ እንጠጣቸዋለን።

የኮሶው ግን ለየት ይላል። የእሱ መሠረት ፍሎሮግሉሲኖል ይባላል፤ በአንዱ ክብ ላይ አንድ ሳይሆን ሦስት ጥንዶች ያሉበት ነው። ከዚህ መሠረት የተሠሩት የኮሶ ንጥረ ነገሮች ኮሲን፣ ፕሮቶኮሲንና ኮሶቶክሲን የሚል ስም ወጥቶላቸዋል። ስማቸውን ልብ በሉልኝ፤ የፈረንጅ ኬሚስቶች ስም ያወጡላቸው ከእኛው ‹‹ኮሶ›› ቃል ነው። ‹‹ቶክሲን›› ማለት ደግሞ መርዝ ነው። በነገራችን ላይ ቢራ ፋብሪካዎች የሚጠቀሙበት ሆፕ የሚባለው አበባ መራራነቱን ያገኘው ከዚሁ ከፍሎሮግሉሲኖል ዘር ከሆኑ ንጥረ ነገሮች ነው። ቢራና ኮሶ የሩቅ ዘመዳሞች ናቸው ቢባል ውሸት አይሆንም።

ኮሶቶክሲን የሚሠራው ጡንቻ ላይ ነው። ትሉን ያሽመደምደዋል፤ መምጠጫዎቹ ይላላሉ። የሆድ መገለባበጡና ተቅማጡ ደግሞ የላላውን ትል ጠርጎ ያወጣዋል። ስለዚህ ኮሶ የእውነት መድኃኒት ነው፤ አጉል እምነት አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ድረስ ተልኮ በእንግሊዝ የመድኃኒት መዝገብ ውስጥ ሳይቀር ገብቷል።

ችግሩ ወዲህ ነው። ጡንቻ ያለው ትሉ ብቻ አይደለም። እናንተም አላችሁ፤ ልባችሁም ጡንቻ ነው። ከዚያም አልፎ የዓይን ነርቭ አለ። በፈረንጆቹ 1969 በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ በኮሶ መመረዝ ዓይናቸው ስለተጎዳ ሰዎች የሚናገር ጽሑፍ ወጥቶ ነበር። አውሮፓውያንም ለዚሁ ትል ሲጠጡት የነበረው የፈርን ሥር ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ስላለው፣ እሱም ዓይን በማጥፋት ይታወቃል። ኮሶ ሲበዛ ከባድ ትውከት፣ የሰውነት መዛል፣ ራስን መሳት፣ አንዳንዴም ሞት ያመጣል። ነፍሰ ጡር ሴት ከጠጣችው ደግሞ ፅንሱን ሊያስወርድ ይችላል።

‹‹ታዲያ አያቶቻችን በየወሩ ሲጠጡት ምነው አልታወሩ?›› ትሉ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ ልኩ ላይ ነው። አበባው ከዛፍ ዛፍ ይለያያል፤ ትኩሱ ኃይለኛ ነው፤ ሲቆይ ኃይሉ እየደከመ ይሄዳል። ፈረንጆችም ያማረሩት በዚህ ነው፤ ከረጅም የባሕር ጉዞ በኋላ የደረሳቸው ኮሶ ብዙ ጊዜ አልሠራላቸውም። አንድ ብርጭቆ ኮሶ እንግዲህ ስንት ኮሶቶክሲን እንደያዘ ማንም በዓይኑ አይቶ አያውቅም። የባላገሯ እናት ግን አበባው መቼ እንደተለቀመ፣ የጠጪውን ዕድሜና አቅም፣ ባለፈው ምን ያህል እንደሰጠችው ታውቃለች። ከተማ ውስጥ ኮሶ ከመርካቶ ገዝታችሁ ስትበጠብጡ ይህ ሁሉ ዕውቀት አብሮ አይሸጥላችሁም።

ወደ ልጆቹ እንመለስ

ልጁ ብርጭቆውን ከማንሳቱ በፊት እናቱን ለመመረቅ ደወለ። ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጎት ነበርና ልጅቷ ሁሉንም ሰምታለች።

‹‹ልጄ፣ በምን ሰፈርከው?››

‹‹እንዲሁ በእፍኜ ነው እማዬ። ሁለቱንም ጥቅል ቀላቅለን ወቀጥነው።››

‹‹ኧረ በማርያም! አንደኛው እኮ ለሌላ ጊዜ ይሁንህ ብዬ ነው! እኔ የሰፈርኩልህ በእኔ እፍኝ ነው፤ ያንተ እጅ የእኔን ሁለት ያህል አይደለም ወይ?››

‹‹ለሁለት ነው የምንጠጣው። እሷም አብራኝ ልትጠጣ ነው።››

እዚህ ላይ እናት ዝም አሉ። ልጅቷ መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ነበር። ከዚያ ቀስ ብለው፣ ‹‹ወርሷን ጠይቃት›› አሉ።

‹‹ምን?››

‹‹ወር አበባዋን መቼ እንዳየች ጠይቃት እልሃለሁ! ነፍሰ ጡር ካለች ብርጭቆው አጠገቧም አይድረስ። ጠይቀህ ንገረኝ፤ እጠብቃለሁ።››

ልጅቷ ጣቷን መቁጠር ጀመረች። በጥርጣሬውና በለቅሶው መሃል ዘንግታው ነበር እንጂ ሁለት ሳምንት አልፏታል። ‹‹ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ሳስቀምጠው እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር›› አለችኝ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ከፋርማሲ የእርግዝና መመርመሪያ ገዝታ ሞከረች። ሁለት መስመር።

ማስተዋል ያለብን ነገር አለ። ‹‹የተፈጥሮ ነው፣ ጉዳት የለውም›› ያሏት የተማሩት የአዲስ አበባ ጓደኞቿ ናቸው። ያዳኗት ደግሞ ፊደል ያልቆጠሩት የጋይንት እናት ናቸው። እኔ ለባሕል ሕክምና ጭፍን ደጋፊም ጭፍን ጠላትም አይደለሁም። ነገር ግን ባሕሉን የሚያውቁት ሰዎች ኮሶን እንደ ሻይ ቆጥረውት አያውቁም። በባዶ ሆድ፣ ሰው አጠገብ ሆኖ፣ ከቤት ሳይወጡ፣ ለሕፃንና ለደካማ ሳይሰጥ፣ ነፍሰ ጡርን ሳያስጠጉ ነው። እኛ ከተማ ስናመጣው ሕጉን ትተን መራራውን ብቻ ይዘን መጣን።

ስለ መቅጠንም አንድ ቃል ልበል። ኮሶ ጠጥታችሁ ሚዛን ላይ ስትወጡ የጎደለው ኪሎ በተቅማጥና በትውከት የወጣው ውሃ ነው። ውሃ ስትጠጡ ይመለሳል።

ልጁስ? እሱ ግማሹን ደፍቶ፣ ግማሹን ጠጣ። ቀኑን ሙሉ ሲያስመልሰውና ሲያስቀምጠው ዋለ፤ ከሰዓት በኋላ ላይ ትሉ ወጣ። ‹‹ጭንቅላቱ ወጣ ወይ?›› ብለው እናቱ ቢጠይቁ ማየቱን ተጸየፈው። እውነትም ጭንቅላቱ አልወጣም ኖሯል። ጭንቅላቱ ከቀረ ትሉ እንደገና ያድጋል፤ ወደ ሦስት ወር ሲጠጋው ያቺው ነጭ ቁራጭ ተመልሳ ብቅ አለች።

በዚህ ጊዜ ልጅቷ ራሷ እጁን ይዛ ክሊኒክ ወሰደችው። የፈራው ምርመራ አሥር ደቂቃ አልፈጀም። የተሰጠው በአንድ ጊዜ የሚወሰድ ክኒን ነው። ለኮሶ ትል ዛሬ በብዛት የሚታዘዙት ኒክሎሳማይድና ፕራዚኳንቴል ናቸው። መጠኑን የሚወስነው ባለሙያ ስለሆነ እኔ እዚህ አልጽፍላችሁም። የሚገርመው ግን ኒክሎሳማይድም ቢሆን በኬሚካል ቤተሰቡ ከፌኖሎች ወገን ነው፤ ልዩነቱ ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው ጥቂት ብቻ መሆኑና እያንዳንዱ ክኒን ውስጥ ያለው መጠን ተመዝኖ የታወቀ መሆኑ ነው። ክኒኑን ወስዳችሁ ትሉ ሲወጣ ባታዩ አትደንግጡ፤ ብዙ ጊዜ እዚያው አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ይቀራል። ሦስት ወር ሙሉ ቁራጭ ካልታየ ድናችኋል ማለት ነው። እርጉዝ የሆነች ወይም ሊሆን ይችላል ብላ የምትጠረጥር ሴት ግን ክኒኑንም ቢሆን ሐኪም ሳታማክር አትውሰድ። ኮሶ ጠጥቶ ዓይኑ ብዥ ያለበት፣ ትውከቱ አልቆም ያለው ወይም የዞረበት ሰው ካጋጠማችሁ ደግሞ ‹‹ይለቀዋል›› ብላችሁ አትጠብቁ፤ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት፤ ምን ያህል እንደጠጣም ለሐኪሙ ንገሩ።

ሠርጉ ተፋጠነ። ቀሚሱ ወገቡ ላይ ትንሽ መስፋት ነበረበት እንጂ ሌላው ሁሉ ደህና ሆነ። እናት ለአራስ ጥሪ ከጋይንት ቅቤና ማር ይዘው መጡ። የልጅ ልጃቸውን ታቅፈው ከሳሙ በኋላ ምራታቸውን ወደ ጓዳ ጠርተው ምስጢር ሊያወሯት ፈለጉ። ልጅቷ የጡት ወይም የገንፎ ምክር መስሏት ጆሮዋን ሰጠች።

‹‹ልጄ›› አሏት፣ ‹‹እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ በየሁለት ወሩ ኮሶ ስጠጣ ኖሬያለሁ፤ አሁን ሆዴ አልችለው ብሏል። ያቺን ለባልሽ የሰጡትን ክኒን እስቲ ለእኔም አስመርምረሽ አስገዢልኝ። ለእሱ ግን እንዳትነግሪው።››